የተከራይ ማህበር አባልነት (ሚተርፌራይን)፦ ጀርመን ውስጥ የተከራያችሁት ቤት ሊሸጥ ነው ከተባላችሁ ያዋጣል ወይ?

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻቸዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንዳስቀረሁባቸው ወደታች እነግራችኋለሁ። የምጽፈው ስለ ሚተርፌራይን ነው፣ የተከራዮች ማህበር ማለት ነው፣ ጀርመን ያላችሁ ስሙን ሰምታችሁት ይሆናል ግን የማውቃቸው ሀበሾች ውስጥ አባል የሆነ ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ ለዛ ነው ቁጭ ብዬ በአማርኛ ልጻፈው ያልኩት። እኛ የገባነው አከራያችን ቤቱን እንደሚሸጠው በደብዳቤ ያሳወቀን ጊዜ ነው፣ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ደሞ «ሽያጩ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ቤት ብትፈልጉ ለሁላችንም ጥሩ ነው» የምትል ነገር ነበረችበት፣ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈች፣ ግን ያነበበ ሰው እንቅልፍ የሚያጣባት።

ማህበሩ የመንግስት ቢሮ አይደለም። በየከተማው የየራሱ ማህበር አለ፣ ዶይቸር ሚተርቡንድ በሚባለው ሀገር አቀፍ ጥላ ስር ብቻ 300 ገደማ አሉ፣ የዓመት መዋጮ ትከፍላላችሁ፣ በዛ የኪራይ ህግ ስራቸው የሆነ ጠበቆች ወረቀታችሁን አይተው ይመክሯችኋል፣ ካስፈለገም በናንተ ስም ለአከራዩ ደብዳቤ ይጽፋሉ። አባል ያልሆነን ሰው አይመክሩም፣ ግን ችግር ከመጣ በኋላም ሄዶ መመዝገብ ይቻላል፣ እኛም ያደረግነው እሱን ነው።

ከመሄዳችን በፊት የሰማነውን ምክር ልንገራችሁ ምክንያቱም እናንተም የምትሰሙት እሱን ነው። በጣም የምናከብራቸው ትልቅ ሰው አሉ፣ እዚህ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ «ልጆቼ ቤቱ የሰውየው ነው፣ ከሸጠው ምን ታደርጋላችሁ፣ ሳትጣሉ በሰላም ቀድማችሁ ውጡ» አሉን። ከልባቸው ለኛ አስበው ነው። ጓደኞቻችንም ያሉት ተመሳሳይ ነው፣ ቤት ከተሸጠ የኪራይ ውሉ አብሮ ያልቃል፣ አዲሱ ባለቤት ከፈለገ ያስቀምጣችኋል ካልፈለገ ያስወጣችኋል። ይሄ ጀርመን ውስጥ ትክክል አይደለም፣ ትክክል ስላልሆነም ነው ስንቱ ሰው ሳይገደድ ጓዙን ጠቅልሎ ወጥቶ አሁን በእጥፍ ኪራይ የሚኖረው።

ያገኘናት አማካሪ ጠበቃ ደብዳቤውን ስናቀብላት ወደ ጎን አስቀመጠችውና መጀመሪያ ውሉን አምጡ አለች። ውሉን ገጽ በገጽ አገላበጠችው፣ በእርሳስ የገባንበትን ቀን ከበበችው፣ ከዛ «ቁልፍ የተረከባችሁት በዚሁ ቀን ነው?» ብላ ጠየቀች፣ ቀጥላ ደሞ ህንጻው ተከፋፍሎ እያንዳንዱ አፓርታማ የራሱ ባለቤትነት የወጣለት እኛ ከመግባታችን በፊት ነው ወይስ በኋላ ነው አለች። እኛ ያንን ጥያቄ ለምን እንደጠየቀችም አልገባንም ነበር። በኋላ ነው የገባን፣ አብዛኛው ነገር የሚንጠለጠለው እነዚህ ሁለት ቀኖች ላይ ነው፣ የገባችሁበት ቀንና ህንጻው የተከፋፈለበት ቀን።

ዋናው ህግ የጀርመን የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 566 ነው። ቤቱ ሲሸጥ ገዢው ያለውን ውል እንዳለ ይረከባል፣ በአከራዩ ቦታ ይገባል ማለት ነው፣ መብቱንም ግዴታውንም ይዞ። ኪራዩ ያው፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ያው፣ ጓዳውን መጠቀም ትችላላችሁ ተብሎ ከተጻፈ እሱም ያው። ሽያጩ ብቻውን ከቤት የማስወጫ ምክንያት አይሆንም፣ ሻጩም «ስለምሸጠው ልቀቁ» ስላለ ብቻ ውሉ አይፈርስም። አዲስ ውል መፈረም አያስፈልግም። ይሄን የመጨረሻውን ደግሜ ልጻፈው ምክንያቱም መዋጮዬን ያስመለሰልኝ እሱ ነው፣ አዲስ ውል መፈረም አያስፈልግም።

ለምን መሰላችሁ፣ ገዢው ከታወቀ በኋላ በጣም ደስ የሚል ሰላምታ ያለው ወረቀት መጣልን፣ እንኳን ተዋወቅን፣ ነገሮችን ለማስተካከል ያህል የተያያዘውን አዲስ ውል ፈርማችሁ መልሱ የሚል። ኪራዩ ለመጀመሪያው ዓመት ያው የድሮው ነው፣ ስናየው ምንም ችግር ያለው አይመስልም። አማካሪዋ ግን አንድ በአንድ አሳየችን። አንደኛ፣ ኪራዩ በየዓመቱ በተወሰነ ብር ከፍ እንደሚል ሰንጠረዥ አለው፣ ሽታፈልሚተ ይሉታል፣ የድሮው ውላችን ላይ የለም፣ በድሮው ውል ገዢው ኪራይ ልጨምር ካለ በአካባቢው ካለው ተመሳሳይ ቤት ኪራይ ማለፍ አይችልም፣ በ3 ዓመት ውስጥም ከ20 በመቶ በላይ መጨመር አይችልም፣ የቤት እጥረት አለባቸው በተባሉ ቦታዎች ደሞ 15 በመቶ ነው ጣሪያው። ሁለተኛ፣ ውሉ የሚጀምረው ከሚመጣው ወር 1ኛ ቀን ነው ይላል። ይቺ ቀን ተራ ነገር ትመስላለች። ግን አከራይ ሲያስወጣ የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ በኖራችሁበት ዓመት ነው የሚቆጠረው፣ እስከ 5 ዓመት ከሆነ 3 ወር፣ ከ5 ዓመት በኋላ 6 ወር፣ ከ8 ዓመት በኋላ 9 ወር። ቤቱ ስለተሸጠ ቆጠራው ከዜሮ አይጀምርም፣ የድሮው ዓመት አብሮ ይቆጠራል። አዲስ ቀን ያለው ወረቀት ከፈረማችሁ ግን እናንተ ራሳችሁ ለክርክር በር ከፈታችሁ ማለት ነው። እኛ ከ5 ዓመት በላይ ኖረናል፣ በዛች ፊርማ 6 ወሩ ራሱ አጠያያቂ ይሆን ነበር።

ህንጻው የተከፋፈለበት ቀን ደሞ ከዚህም ይበልጣል። ተከራይ ከገባ በኋላ ህንጻው ተከፋፍሎ አፓርታማው ለብቻው ከተሸጠ ገዢው «ለራሴ ወይ ለቤተሰቤ ፈለግኩት» ብሎ ለማስወጣት ቢያንስ 3 ዓመት መጠበቅ አለበት፣ ክፍለ ግዛቶቹ ቤት እጥረት ባለበት ቦታ እስከ 10 ዓመት ማድረግ ይችላሉ፣ በርሊንና ሀምቡርግ 10 ነው ያደረጉት። አንቀጽ 577ሀ ላይ ነው ያለው። ተከራዩ የገባው ከተከፋፈለ በኋላ ከሆነ ግን ይሄ ጥበቃ የለም፣ ስለዚ አዲሱ ውል ላይ ያለችው ቀን እኛን በኋላ እንደገባ ተከራይ ልታስመስለን ትችል ነበር። አማካሪዋ ወረቀቱን አጠፈችና «አትፈርሙ፣ ያላችሁ ውል በቂ ነው ብላችሁ በአጭሩ መልሱለት» አለችን፣ ደብዳቤውን ራሷ አርቅቃ ሰጠችን፣ ሶስት አረፍተ ነገር ብቻ ናት፣ ጸብ የለባትም። ከዛ በኋላ ስለ አዲስ ውል የጠየቀን ሰው የለም።

እንደኛ ከገባችሁ በኋላ የተከፋፈለና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሸጥ አፓርታማ ውስጥ ላላችሁ ሌላም መብት አለ፣ ቅድሚያ የመግዛት። ሻጩ ከገዢ ጋር የተዋዋለውን ሽያጭ ለናንተ ማሳወቅ አለበት፣ ካሳወቃችሁ በኋላ 2 ወር አላችሁ፣ በዛው ዋጋና በዛው ሁኔታ ልግዛው ማለት ትችላላችሁ፣ ሻጩ ለቤተሰቡ አባል ከሆነ የሚሸጠው ግን አይሰራም። እኛ ያ ሁሉ ብር ስለሌለን አልገዛንም፣ የፈራነው ግን አንገዛም ካልን ልቀቁ እንባላለን ብለን ነበር፣ አለመግዛት የኪራይ ውሉን ምንም አይነካውም። ይሄን ማወቅ ብቻውን ቤታችን ውስጥ ሰላም አምጥቷል፣ ባለቤቴ እቃ መሸከፍ ጀምራ ነበር።

ኪራይ ለማን ነው የሚከፈለው የሚለው ላይም ጥሩ አድርገው ነው የመከሩን። ጀርመን ውስጥ ኖታር (የሽያጭ ውል የሚያዋውለው ሰው) ፊት መፈረም ገዢውን ባለቤት አያደርገውም፣ ባለቤት የሚሆነው ግሩንድቡኽ የሚባለው የመሬትና ቤት መዝገብ ላይ ስሙ ሲገባ ነው፣ በሁለቱ መካከል ወራት ሊያልፍ ይችላል። ገዢው ግን ወዲያው ደብዳቤ ይልካል፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በዚህ አካውንት አስገቡ ይላል። አማካሪዋ ያለችን የድሮው አከራይ ራሱ በጽሁፍ «ባለቤትነቱ ተላልፏል ለሱ ክፈሉ» ካላለ ወይም ገዢው መዝገቡን ካላሳየ በድሮው አካውንት ቀጥሉ ነው። ለማያውቁት ሰው ኪራይ ከፍሎ ለድሮው አከራይ ደሞ ባለዕዳ ሆኖ መገኘት አለና። ለራሴ እፈልገዋለሁ የሚለውን የልቀቁ ማስጠንቀቂያም (አይገንበዳርፍ ይሉታል) ገዢው መስጠት የሚችለው መዝገቡ ላይ ከገባ በኋላ ነው፣ ከዛ በፊት የመጣ ማስጠንቀቂያ ዋጋ የለውም፣ በኢሜይል ወይ በዋትስአፕ የመጣም እንደዛው፣ በወረቀት ሆኖ የተፈረመ መሆን አለበት፣ ለማን እንደሚፈልገውና ለምን እንደሆነም መጻፍ አለበት።

እውነቱን ለመናገር ገዢው በእውነት ሊኖርበት ፈልጎ የገዛው ከሆነና መጠበቂያው ጊዜ ከሌለ ማህበሩም ተአምር አይሰራም፣ ይሄን በግልጽ ነው የሚነግሯችሁ፣ ለዛም ነው ያመንኳቸው። በእድሜ የገፋ፣ ታማሚ፣ ነፍሰጡር ወይም ፈልጎ ሌላ ቤት ያጣ ሰው ግን መውጣቱ ከአቅም በላይ እንደሆነ ጽፎ መቃወም ይችላል፣ የኪራዩ ማብቂያ ቀን ከመድረሱ ቢያንስ 2 ወር በፊት ነው መላክ ያለበት፣ ቤት ስትፈልጉ የላካችኋቸውን ማመልከቻዎች ሁሉ አስቀምጡ ማስረጃ ነው። ሁለት መኖሪያ ብቻ ያለው ቤት ውስጥ ተከራይታችሁ ገዢው በአንዱ የሚገባ ከሆነ ደሞ ህጉ ከናንተ ይልቅ ለሱ ይቀላል፣ ምክንያት ሳይሰጥ ማስወጣት ይችላል፣ ማስጠንቀቂያው ላይ 3 ወር ይጨመርላችኋል እንጂ። እንደዛ ያለ ቤት ያላችሁ ቶሎ ሂዱና ተማከሩ።

ቤት የሚያሳየው ሰውዬ፣ ማክለሩ፣ ሌላው ራስ ምታት ነበር። ቁልፍ ስጡኝና እናንተ ባትኖሩም ሰው ላሳይ አለ። ቁልፍ የመስጠት ግዴታ የለም። ቤቱ ሲሸጥ ለገዢዎች ማሳየት ግን አለባችሁ፣ ሙሉ በሙሉ መከልከል ያስጠይቃል፣ አስቀድሞ በቀጠሮ፣ ምክንያቱ ተነግሮ፣ ለናንተም በሚመች ሰዓት ነው እንጂ። ህጻናቱ በሚተኙበት ሰዓት ካልሆነ አይመቸኝም ይል ነበር፣ ማህበሩ ሁለት የሳምንት ሰዓት እኛ ራሳችን መርጠን በጽሁፍ እንድናቀርብ መከረን፣ ተቀበለ። የልጆቻችንን ክፍል ከነ እቃው ፎቶ አንስቶ ማስታወቂያ ላይ ሊለጥፍ ሲልም ያለፈቃዳችሁ አይችልም አሉን፣ አላነሳም።

ስለ ካውትሲዮን፣ ማለት መያዣ ብላችሁ ያስገባችሁት ብር፣ ባጭሩ አዲሱ ባለቤት ነው የሚመልሰው፣ ከሻጩ ባይቀበልም ግዴታው የሱ ነው፣ ከሱ ማግኘት ካልተቻለ የድሮውም አለበት። ደረሰኙን አትጣሉ።

ብር ሰጥተው ልቀቁ ሲሉ ደሞ አለ። ባዶ ቤት ተከራይ ካለበት ቤት በላይ ይሸጣል፣ ስለዚህ ሻጩም ገዢውም እናንተ ብትወጡላቸው ያተርፋሉ። የምትፈርሙት ወረቀት አውፍሄቡንግስፌርትራግ ይባላል፣ በስምምነት ውሉን ማፍረሻ ማለት ነው፣ እሱን ከፈረማችሁ እላይ የጻፍኳቸው የማስጠንቀቂያ ወሮች የመጠበቂያ ዓመቶች ሁሉ ይቀራሉ። መጥፎ ነው አልልም፣ ሌላ ቤት ያገኘ ሰው በጥሩ ብር ቢወጣ መብቱ ነው፣ ግን ሳሎናችሁ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ አሁን ፈርሙ ሲሏችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡና ለጠበቃ አሳይቼ እመልሳለሁ በሉ።

አሁን ቅሬታዬን። ቀጠሮ ማግኘት ይቆያል፣ ማስጠንቀቂያ በእጁ የያዘ ሰው ሳምንታት ጠብቅ ሲባል በጣም ያስጨንቃል፣ ቀነ ገደብ አለብኝ ብላችሁ አጥብቃችሁ ካልነገራችኋቸው እንደማንኛውም ሰው ተራ ያስይዟችኋል። የስልክ ምክራቸው ላይ አልተማመንኩም፣ ወረቀቱን ስለማያዩ አጠቃላይ ነገር ነው የሚናገሩት፣ እንደውም በስልክ ያገኘሁት ሰው ስለ መከፋፈሉ ቀን ምንም አላነሳም፣ ፊት ለፊት ስትገናኙ ግን ሌላ ነው። አስተርጓሚ የላቸውም። እኔ ጀርመንኛ ጎበዝ የሆነ የእህቴን ልጅ ይዤ ነው የሄድኩት፣ ሰው የሌለው ምን ይሁን፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል ምክንያቱም ይበልጥ የሚጭበረበረው እሱ ነው። አንዷን ኮከብ ያስቀረሁት በዋናነት ለዚህ ነው። ደሞ የኛ ማህበር ቢያንስ 2 ዓመት አባል ሁኑ ይላል፣ ፍርድ ቤት ቢደረስ ወጪ የሚሸፍነው መድንም የሚሰራው ከ3 ወር በኋላ ለሚነሳ ክርክር ነው፣ ቀድሞ የተነሳውን አይሸፍንም። ስለዚህ ፎርሙን ስትሞሉ መድኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሰራ ጠይቁ፣ የሽያጭ ወሬ ከሰማችሁ ደሞ ደብዳቤው እስኪመጣ አትጠብቁ።

መዋጮው ከአቅሜ በላይ ነው የሚል ሰው ካለ ሌላ መንገድም አለ። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ፣ ከሀምቡርግና ከብሬመን ውጪ፣ አምትስገሪኽት ማለት የአካባቢው ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ቤራቱንግስሂልፈ የሚባለውን የምክር ድጋፍ ወረቀት ጠይቁ፣ እሱን ይዛችሁ የፈለጋችሁት ጠበቃ ጋ ስትሄዱ የምትከፍሉት 15 ዩሮ ብቻ ነው። በርሊን ያላችሁ ደሞ የወረዳ ጽህፈት ቤቶቹ ነጻ የተከራይ ምክር ይሰጣሉ። የትም ብትሄዱ ውሉን፣ ቁልፍ የተረከባችሁበትን ወረቀት፣ የካውትሲዮን ደረሰኝና ከሽያጩ ጋ በተያያዘ የመጡትን ደብዳቤዎች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ደብዳቤዎቹ ላይም ፖስታ ሳጥናችሁ የገቡበትን ቀን ጻፉባቸው፣ ብዙውን ጊዜ ቀነ ገደቡ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሳችሁበት ቀን ነው።